ቀጮ የሚሰማው ድምፅ

ጥቅምት 12

ለምወድህ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያለህበት አገር ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል ብለህ ጽፈህልኝ ነበርና፣ ፈጣሪ ደግ ሰው በዙሪያህ አያሳጣህ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ነገሩ ስለ ልጄ ነው፤ ስለ ቀጮ። ስትሄድ ከአባቱ ጋር ወርክሾፕ ገብቶ ብየዳ ሲለማመድ ትተኸዋል። ለሰው መስኮት ፌሮ እያጠፈ አበባ ሲያወጣበት የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ግን ሥራውን ተወ። ጆሮው ውስጥ ጨርቅ ይወትፋል፣ ብቻውን ሆኖ ለማናየው ሰው ይመልሳል፣ ገላውን አይታጠብም። እንደምታውቀው ቤታችንንና ወርክሾፑን የሚለያቸው አንድ በር ነው፤ ማሽኑ ሲጮህ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታል።

ማክሰኞ ዕለት አባቱ ላሜራ እየቆረጠ፣ አንድ ደንበኛ ያዘዘው በር እስኪያልቅለት ቆሞ ሲጠብቅ ቀጮ ገባና «አጥፋው፤ እየሰደበኝ ነው» አለ።

«ማነው የሚሰድብህ?» አለው አባቱ።

«አንተ። በማሽኑ ውስጥ።»

አባቱ ሳቀ። ደንበኛውም ሳቀ። ቀጮ ፌሮ አነሳና መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ የአባቱን አፍ መታ። ጥርስ ከደም ጋር ሲተፋ በዓይኔ አየሁ። ደንበኛው ጮኸ፣ የመንገዱ ሰው ግር ብሎ ገባ። ልጄን መሬት ላይ ጥለው በጫማ ረገጡት። በላዩ ላይ ተኛሁበት፤ እኔንም ሳይለዩ ረገጡኝ። በጆሮው ደም እስኪፈስ አልተዉትም።

ከዚያ የሆነውን ልጽፍልህ እንጂ ልነግርህ አልችልም ነበር። አባቱ አፉን በፎጣ ይዞ፣ ያንኑ ከሰዓት፣ ሰዎቹ እግሩን ጨምድደው ይዘውለት፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የብረት ቀለበት በየደበት። ቁልፍ የለውም፤ በየደው! እንዳያቃጥለው እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ እያስገባ፣ እየተጠነቀቀ። ሰንሰለቱን ከጓዳው አልጋ እግር ጋር አያያዘው። አልጋውንም ከቱቦላሬ የሠራው እሱ ነው፤ አይነቃነቅም።

ባለሱቋ ጎረቤታችን «ሰው አስደርጎበት ነው» ትላለች። አባቱ «ስንፍና ነው፤ አንቺ አቀማጥለሽው» ይላል። አንተ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነርስነት እየተማርክ ነውና ጠይቅልኝ። ይሄ ነገር ከምን ይመጣል? ከምን እንደመጣ ካወቅሁ መመለሻውንም አላጣውም። ገንዘብ አልልህም፤ መልስ ብቻ ላክልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ፊቴን በር መትቶኝ ትንሽ አብጧል እንጂ።

እህትህ

*

ኅዳር 2

ለእትዬ፣ ለአሳዳጊዬ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ፤ ፈጣሪ ቤትሽን ጸጥ ያድርግልሽ። ደብዳቤሽን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ጋውኔን ገልብጬ ለብሼ ኖሮ ዋርድ ውስጥ ታማሚዎቹ ሳቁብኝ። ዕብዶቹ እኛን ሲታዘቡን ብታዪ!

ሳልውል ሳላድር መምህራችንን ጠየቅሁት። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲናገር ክፍሉ ጭጭ ይላል። ያለኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ አትቆጪኝ። ይሄ በሽታ ቤት ውስጥ ነው የሚበቅለው አለኝ፤ ከእናት። አንዳንድ እናት አፏ «ና» ይላል፣ እጇ ይገፋል። «ሰው ሁን፣ ራስህን ቻል» ትለዋለች፣ ሊወጣ ሲል «ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?» ትላለች። ልጁ ቢሄድም ጥፋተኛ፣ ቢቀርም ጥፋተኛ። መውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ እንደተቆለፈ ሰው ይሆንና በመጨረሻ በአእምሮው በኩል ይሾልካል። መምህራችን እንዲህ ዓይነቷን እናት «በረዶ እናት» ይላታል።

እትዬ፣ ቀጮን ሕፃን ሳለ ታቅፊው ነበር? የምትይውና የምታደርጊው ይለያይ ነበር? እስኪ ራስሽን መርምሪ። መልስ ላክልኝ ስላልሽኝ ነው የጻፍኩት።

ብረቱን ግን ዛሬውኑ አስፈቺለት። ጋሼንም ስለ ጥርሳቸው ይማርዎት በይልኝ።

በር መታኝ ያልሽው የትኛው በር ነው? ቤታችሁ ያለው በር እንደሆነ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

ወንድምሽ

*

ጥር 4

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ እጽፋለሁ፤ አፌ አብጧል። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ደረሰብኝም።

ፖስተኛው ለአባቱ ነው የሰጠው። ወርክሾፑ መሀል ቆሞ ከፈተው፣ አነበበው፤ ከዚያ ደንበኞች ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «ስሙልኝ እንግዲህ! ተማረልኝ ያለችው ወንድሟ መሰከረባት!» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ተቀየረ። ውሃ ሲፈልግ «በረዶ እናት፣ ውሃ አምጪ»፤ ልጁ ሲጮህ «ያሳበድሽውን ዝም አሰኚ»። ድሮ ሲመታኝ እንኳ ሲበርድለት ያፍር ነበር። አንተ ምክንያት ሰጠኸውና ማፈሩን ተወ። ዱላ አቀበልከው፣ ወንድሜ። ባሕር ማዶ ሆነህ።

በሩ እሱ ነው። እንግዲህ አወቅህ። ከሠርጌ ጀምሮ እሱ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ምሳ ዘገየብኝ ብሎ በብየዳው ጋዝ ጎማ ጀርባዬን ይለኝ ጀመር። እንዳልጮህ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ጓዳ ያለው ይሰማል ብዬ። ለካ ጎማው ራሱ ይጮሃል። ጓዳው ውስጥ አልጋው ሲጎተት ሰማሁ። በሩ ላይ ሲደርስ አላሳልፍ አለው። እየጎተተ፣ እየጎተተ፣ አባቱ የበየደውን የአልጋ እግር ከነሰንሰለቱ ገነጠለው። እግሩ ተልጦ፣ ብረቱን በእጁ ይዞ መጣ። አንድ ጊዜ ነው የመታው፤ የአባቱ ክንድ እንደ እንጨት ቀጭ አለ፤ አጥንቱ ቆዳውን ሰንጥቆ ወጣ። ወደቀ። ልጁ ጭንቅላቱን ሊደግመው ብረቱን አነሳ።

«ልጄ!» አልኩ።

ቆመ። ዞሮ አየኝና «ምታው ያልሽኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

አፌ አላለም፤ ሆዴ ግን ሲል ነበር የቆየው። ይህን ከአንተ በቀር ማንም አያውቅም። «አይደለሁም፤ አስቀምጠው» አልኩት። አስቀመጠውና ሰንሰለቱን ራሱ እየጎተተ ጓዳው ገብቶ ቁጭ አለ።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። አዎ አቅፈው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቱን ሲያመው ከጀርባዬ አልወረደም። «ና ሥራ ልመድ» ብሎ ጠርቶ፣ የብየዳውን ኤሌክትሮድ ሲያነሳ «አትንካ፣ እጀ ሰባራ!» እያለ የሚነጥቀው እኔ አይደለሁም። መጽሐፍህ ውስጥ አባት የለም እንዴ? እናትስ በረዶ ከሆነች አንተን ያሳደገችህ ማን ሆና ነው? አንተ ለምን አላበድክም?

ከእንግዲህ ምክንያት አትላክልኝ።

እህትህ

*

ጥር 27

ለእትዬ፣ ሁሌም ለማፍርሽ ለማከብርሽ፣

የተሰበረውን የሚጠግን አምላክ ጀርባሽን ያሽርልሽ። በአንድ ዓይኔ ነው የምጽፈው፤ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ማግስት ሥራ ገባሁ። አንድ ጎልማሳ ታማሚ አልጋው ላይ ተነስቶ «ውጡ በላቸው፣ ሊያርዱኝ ነው» ይላል። ዋርዱ ውስጥ አልጋዎቹ ወለሉ ላይ በብሎን ታስረዋል፤ የሚወረወር ነገር የለም። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልታሰርኩት። ፊቱ ቆሜ «ማንም የለም! ጭንቅላትህ ነው! ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት። በንዴት ነው፤ ባንቺ ነገር በራሴ ላይ ተናድጄ። በቡጢ አለኝ። የጉንጬ አጥንት ተሰነጠቀ፣ ዓይኔም አብጦ ተዘጋ። እኔም አንቄው ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለት ሰዎች ናቸው እጄን ያላቀቁት።

የዋርዳችን አለቃ፣ ሽበታም ሐኪም ናት፣ ጉንጬን እየሰፋች ጠየቀችኝ። ሁሉንም ዘከዘክሁላት፤ የጻፍኩልሽንም። መርፌውን አቁማ «ያንን ለገዛ እህትህ ጻፍክ?» አለችኝ። «እናት ታሳብዳለች የሚለው ስንትና ስንት እናት በከንቱ አስለቅሶ የተጣለ ነገር ነው። ማስረጃ አልተገኘለትም። መምህርህ በወጣትነቱ የተማረውን ነው የሚያስተምራችሁ።»

«ታዲያ ከምን ነው?» አልኳት።

«አንድ ሰው ላይ ጣት የምትቀስርበት ነገር አይደለም። በተፈጥሮ ለዚህ የተጋለጠ ሰው አለ። መከራ ደግሞ ይጨመርበታል፤ ዱላ፣ ውርደት፣ ፍርሃት። እርግጠኛ የምሆንበት አንድ ነገር አለ፦ ተሽሎት የወጣ ሰው ጩኸትና ስድብ ወዳለበት ቤት ከተመለሰ፣ ታሞ ቶሎ ይመለስብኛል። ጸጥ ያለ ቤት ከገባና መድኃኒቱን ከወሰደ ደህና ሆኖ ይቆያል።»

ስለ ድምፁም ጠየቅኋት። ሁላችንም በሆዳችን እናወራለን አለችኝ፤ ግን የራሳችን እንደሆነ እናውቀዋለን። የታመመው ሰው ያ ማወቂያ ይጠፋበታል፤ የገዛ ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ይመስለዋል። የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ከኖረበት ሕይወት የተለቀመ ነው። ስለዚህ፣ እትዬ፣ የለም ብለሽ አትከራከሪው፣ አለ ብለሽም አታታልዪው። ምን እንደሚለው ጠይቂውና ስሚው። ከዚያ ሆስፒታል ውሰጂው።

ጋሼ ሲመቱሽ በዚያ ቤት ሳድግ አላየሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ከዚያ ቤት ለመውጣት ይሁንልሽ።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 16

ለወንድሜ፣

ጉንጭህ እንዴት ሆነ? ያንን ሰውዬ አሁን በደግ ያዘው። እሱም የሆነች እናት ልጅ ነው። አለቃህን ዕድሜ ይስጣት፤ ያንን ገጽ ወረቀቱ እስኪሳሳ አነበብኩት።

ቀለበቱን ቆረጥኩት። አባቱ ክንዱ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ፍታው» አልኩት። «ይገድለናል» አለኝ። ሲፈራ እንዲያ ፊቱ የሚገረጣ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ብረት መቁረጫውን ግራይንደር አነሳሁ። በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም፤ ስሰካው እጄ ውስጥ እንደ በግ ተንፈራገጠ። ቀጮ ድምፁን ሲሰማ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አጠፋሁትና «ምን እያለህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እንዳልከኝ።

ማንም ጠይቆት አያውቅም። ዓይኑ ፈጠጠ። «እጀ ሰባራ ይለኛል» አለ። «የእናትህ ሸክም ይለኛል። ምነው በሕፃንነትህ በቀረህ ይለኛል። ራስህን አቃጥል ይለኛል።»

አባቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ።

«አሁን ይጮሃል፤ ብረቱን እስክቆርጥ ብቻ» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። የእሳቱ ፍንጣሪ ቀሚሴን በሳሳው፣ እጄ ስቶ እግሩን ቧጨርኩት፣ ደም መጣ። አልተንቀሳቀሰም። ብረቱ ወድቆ ሲያቃጭል ሁለታችንም አለቀስን።

በማግስቱ ሆስፒታል ስወስደው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንድ ሰው ስልክ አወጣ። ቀጮ «ፎቶ አታንሳኝ!» ብሎ ስልኩን መነጨቀው። «ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ከየት እንደሆነ እንጃ። ድንጋይ ይዘው መጡ። ግንባሩን ፈነከቱት። «ልጄ ታሞብኝ ነው! ታሞብኝ ነው!» ብል ማን ይስማኝ። አንዷን ዕቃ ተሸካሚ እግዜር ያክብራት፤ ባዶ ጋሪዋን በመሀላችን ገፍታ አስገባችና «ዕብድ ነው እኮ፣ ሌባ አይደለም!» ብላ ጮኸች። በዚያ ቃል ተረፍን። ዕብድ መባል እንደ ምርቃት የሚቆጠርበት ቀን አለ ለካ።

ሆስፒታል አስተኝተውት ነበር፤ አሁን በመድኃኒት ወጥቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ ድምፁ ግን «ከሩቅ ሆነ» ይለኛል። ወደዚያ ቤት አልመለስኩትም። አንዲት ክፍል ተከራይተናል፤ ከፎቅ ሥር፣ በመስኮቷ የመንገደኛ እግር ብቻ ነው የሚታየው። ልብስ አጥባለሁ። እንዴት ያለ ጸጥታ ነው መሰለህ፤ መጀመሪያ ላይ ያስፈራኝ ነበር።

እህትህ

*

ግንቦት 3

ለእትዬ፣

ከጸጥታሽ አያፈናቅልሽ። በአጭሩ የምጽፈው ቶሎ እንዲደርስሽ ነው። ጋሼ ጻፉልኝ። በግራ እጃቸው ነው፤ ጽሑፋቸው የልጅ ይመስላል። «ቤቴን ያፈረስከው አንተ ነህ። መጀመሪያ እሷን ወነጀልክ፣ ቀጥሎ እኔን። ያሉበትን ደርሼበታለሁ። ሄጄ ጎትቼ አመጣቸዋለሁ፤ እምቢ ካሉ ሦስታችንም እንጠፋለን» ይላሉ።

እትዬ፣ በሩ ከውስጥ መቆለፊያ አለው? ለፎቁ ጠባቂ ንገሪ። ለፖሊስም ንገሪ። ቀጮ ጩኸት ከሰማ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ አለቃችንን ብጠይቃት «እኔም አላውቅም» አለችኝ። ደብዳቤሽ እስኪመጣ እንቅልፍ የለኝም።

ወንድምሽ

*

ሰኔ 9

ለወንድሜ፣

በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት አንተ ሰላምታ እስክትጨርስ ልብህ እንዳይቆም ነው። አሁን፦ እንደምን አለህልኝ? እንቅልፍ ያጣህባቸውን ቀናት ሁሉ ፈጣሪ በደስታ ይካስህ።

መጣ። ቅዳሜ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። እኔ የሰው አንሶላ እያጠፍኩ፣ ቀጮ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በቀጭን ሽቦ አንድ ነገር እያጠፈ ነበር። በመስኮቱ የባሌን ጫማ አየሁና ዘልዬ በሩን ቆለፍኩት። ያንጊዜ ጀመረ። «ክፈቺ!» በእርግጫ። «በረዶ! ልጄን መልሺ!» በእርግጫ። በሩ ስስ እንጨት ነው፤ ማጠፊያው ተነቀለ። በመዶሻ ደገመው፤ የመዶሻው አፍ ሳንቃውን በስቶ ገባ። በቀዳዳው ዓይኑ ታየኝ። «እጀ ሰባራ! ውጣ! የእናትህን ቀሚስ ለብሰህ ተደብቀህ! ምነው በሕፃንነትህ በቀረህ!»

ጠረጴዛውን በሩ ላይ ገፋሁና በጀርባዬ ደገፍኩት። ወደ ልጄ ዞርኩ። ቢላዋው ከእጁ አጠገብ ነበር፤ የአንሶላ ክር የምቆርጥበት። አላነሳውም። ጆሮውን ይዞ እየተወዛወዘ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ።

«እማዬ» አለ። «ይሄንን አንቺም ትሰሚዋለሽ?»

«እሰማዋለሁ፣ ልጄ።»

«እውነት?»

«እውነት። በሩ ላይ ነው ያለው። አባትህ ነው።»

ትንፋሹን ለቀቀ። እንዴት ልንገርህ፤ በዚያ ሁሉ እርግጫ መሀል ፊቱ ላይ ዕረፍት አየሁ። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሁልጊዜ እኔ ብቻ።»

ውጭ መዶሻው ቆመ። ሰምቶናል። የሚያለከልከው ይሰማል። የፎቁ ሰው ደረጃው ላይ ተሰብስቧል፤ ጠባቂው «ፖሊስ እየመጣ ነው» ይላል። ከዚያ፣ ወንድሜ፣ ከተጋባን ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ አባቱ «ምን ይልሃል?» አለው። «የኔ ድምፅ… ምን ይልሃል?»

ቀጮ አየኝ። «ከፈለግህ ንገረው» አልኩት።

ነገረው። በቀዳዳው በኩል፣ እየደረደረ፣ ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል። እጀ ሰባራውን፣ ሸክሙን፣ በቀረህውን። ሕፃን ሳለ የተባለውን፣ ፌሮ ሲያጥፍ ደንበኛ ፊት የተባለውን፣ ጓዳው ውስጥ ታስሮ የተባለውን። እኔ የማላውቀው ስንት አለ! አንድ ጊዜ ባለቤቴ «በቃ» አለ። ቀጮ ግን አላበቃም፤ እስከ መጨረሻው ተናገረ። ከበሩ ማዶ አንድ ሰው በሳንቃው ላይ እየተንሸራተተ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ይሄን ሁሉ ብዬሃለሁ?» አለ አባቱ።

ቀጮ አሰበ። ዕብድ የምንለው ልጅ፣ ሚዛን እንደያዘ ነጋዴ አሰበበት።

«አንዳንዱን» አለ። «ሌላውን እሱ ራሱ ነው የሚጨምረው።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት አልታገለም። በሩንም እስኪሄድ ድረስ አልከፈትኩም፤ ነገም አልከፍትለትም። ጠባቂው እንደነገረኝ መኪናው ላይ ሲያወጡት ደረጃው ላይ ለቆመው ሁሉ «አንዳንዱን አለኝ፤ አንዳንዱን» እያለ ነበር።

እህትህ